ጣርማበር፦ ሁለት ጊዜ የተቆረጠው መንገድ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና የሚወጣው መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ ያሻግራል። ታች ሙቀቱን ሽሽት የተከፈተው የመኪና መስኮት ዳገቱ ሲጀምር ይዘጋል፤ ደብረ ሲና ሲደረስ ጋቢና ሹራብ ከሻንጣ ይወጣል። የበዓሉን ሰሞን ወሎ ከዘመድ ጋር አሳልፈን ወደ አቃቂ ቃሊቲ ስንመለስ፣ ልጆቹ የደብረ ሲና ቆሏቸውን እየቆረጠሙ፣ ጣርማበር አፋፍ ላይ ወረድን። ጉሙ ገለጥ ሲል ከገደሉ ሥር የእርሻ መደቦች፣ የቆርቆሮ ቤቶችና የመጣንበት ጠመዝማዛ መንገድ ይታያሉ። ከዚህ ተራራ በምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ የሚወርደው ወደ አባይ ይሄዳል።

የመኪናው መንገድ ተራራውን የሚያልፍበት ዋሻ ፊታችን ነው። ርዝመቱ 600 ሜትር ግድም ይሆናል። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፤ በቀንም ቢሆን መብራት ሳያበራ የሚገባ ሾፌር የለም። «አባዬ፣ ይሄን ማን ቆፈረው?» አለችኝ ትልቋ ልጄ። በወረራው ዘመን ጣሊያን አስቆፈረው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በዚህ በር የሆነው ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ከተሸነፈ በኋላ ጣሊያኖች ደሴን ያዙ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን ከ1,500 በላይ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ያኔ ዋሻ የለም፤ የነበረው በገደሉ ጠርዝ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ጥርጊያ ነው። የበልጉ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። የኢትዮጵያ ወገን ጣርማበር ላይ መንገዱን ሰብሮ ቆረጠው፤ ያ ሁሉ መኪናም ቆመ። የጣሊያን ወታደሮች ድንጋይ በእጃቸው እየተሸከሙ የተሰበረውን እስኪሞሉ ከአንድ ቀን በላይ ፈጀባቸው።

በሩን እንዲጠብቁ ከተላኩት መካከል የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እነዚያ ወጣቶች ቦታው ለመከላከል የተመቸ መሆኑን አልሳቱትም። ከኋላቸው ግን የሚደርስላቸው ጦር አልነበረም፤ ማይጨው ላይ አልቋል፣ የተረፈውም ተበትኗል። የተቆረጠ መንገድ ጠላትን የሚያቆመው ከበስተጀርባው የሚዋጋ ኃይል ሲኖር ነው። በ1928 ዓ.ም. ድፍረቱ ነበር፤ ኃይሉ ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የእኛ ሠፈር፣ አቃቂ፣ የሌላ ታሪክ ምስክር ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 22 ቀን ከጦር ሜዳ አዲስ አበባ ገቡ። ከመሳፍንቱና ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ከመከሩ በኋላም ጉዳያቸውን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሊያቀርቡ ለመውጣት ወሰኑ። ሚያዝያ 24 ቀን ሌሊት ወደ ጅቡቲ የተነሳው ባቡር ያለፈው በአቃቂ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ የባዶሊዮ መኪኖች አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ሳምንት ጣርማበር ላይ ያለፈው እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋው ስንት እንደነበር ከዚህ ይገመታል።

ጣሊያኖች አገሩን ሲይዙ በመጀመሪያ የተጨነቁት ለመንገድ ነው። ጣርማበርን በዋሻ በስተው ደሴን ከአዲስ አበባ አገናኙ። መንገዱ ለእነሱ ሲያገለግል፣ ዙሪያው ያለው መንዝ፣ ተጉለትና ቡልጋ ግን የአርበኞች አገር ሆነ። የሸዋው አርበኛ አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት ሳይበገሩ ተዋጉ። የሆለታ ወጣቶችም ትግሉ አበቃ ብለው አልተቀመጡም፤ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ጦር ከመሠረቱት መካከል ሆኑ። ለዚህ ሕዝቡ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። በ1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለ ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል።

በ1933 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን ከጣሊያን እጅ ወጣች። በእንግሊዝ ወገን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር ወደ ሰሜን ሲያሳድዳቸው፣ የሚሸሹት ጣሊያኖች ጣርማበር ላይ ራሳቸው የሠሩትን መንገድ በፈንጂ አፈረሱት። ይህም አሳዳጁን ለቀናት አዘገየው እንጂ እነሱን አላዳናቸውም። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ተያዘች፤ ባዶሊዮ ከዚያችው ከተማ በተነሳ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27፣ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ።

ለልጆቼ አፋፉ ላይ ቆሜ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ጣርማበርን በ1928 ዓ.ም. ብቻ የሚያውቅ ሰው የሽንፈት ቦታ ይለዋል፤ በ1933 ዓ.ም. ብቻ የሚያውቅ ደግሞ ድሉን በቀላሉ የመጣ ይመስለዋል። ሁለቱ የአንድ ትግል መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው፤ መሐላቸው ያለውን አምስት ዓመት የሞሉት በጫካና በዋሻ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ሲያነበው ዓመተ ምሕረት ያጠናል፤ ገደሉን እያየ ሲሰማው ግን መኪና ለምን እንደቆመ፣ ሰው ለምን እንደሞተ ይገባዋል።

ከደብረ ብርሃን በሰንዳፋ አልፎ፣ ከአያት ወደ ጎሮና ቱሉ ዲምቱ ታጥፎ አቃቂ ቤቱ የሚገባ ቤተሰብ የዚህን ታሪክ ሁለት ጫፎች በአንድ ቀን ማየት ይችላል። ስለዚህ በበዓል ወደ ሰሜን የምትጓዙ ወላጆች ሆይ፣ ስትመለሱ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ተነሡና ጣርማበር ላይ ውረዱ። ሰንበት ሲመጣ ደግሞ ልጆቹን ወደ አሮጌው የአቃቂ የባቡር ሐዲድ ውሰዷቸውና የቀረውን ንገሯቸው። የእነዚያ ወጣት ዕጩ መኮንኖች ውለታ የሚመለሰው ልጆቻችን ለምን እንደቆሙ ሲያውቁ ነው፤ ይህን የማሳወቁ ኃላፊነት ደግሞ በመጀመሪያ የእኛ የወላጆች ነው።