ከጢስ ዓባይ ድንጋይ እስከ አራት ኪሎ መርፌ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎሜትር ገደማ እንደተጓዘ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ጎብኚ የሚደነቀው በውሃው ነው፤ ውሃው የሚወርድበት ጥቁር ድንጋይ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በጣና ደቡብ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዐለት የጥንቱን የወንዝ መውረጃ ሞልቶ ቀዘቀዘ፤ ወንዙ በእሱ ላይ መንገዱን ሲያበጅ ፏፏቴው ተፈጠረ። እንዲህ ያለ ዐለት ቀዝቅዞ ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ፣ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት በዚያ ዘመን የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ።

ከፍኖተ ሰላም በስተምሥራቅ የሚታየው የጮቄ ተራራም ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉም አብረዋቸው፣ በሊማሊሞ የተደራረበውን ባዛልት መርምረው ሁለት ነገር አሳዩ። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ድንጋይ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። በድንጋዩ ንብርብር ላይም የምድር መግነጢሳዊ ሰሜንና ደቡብ ዋልታዎች ቦታ የተለዋወጡባቸው ዘመናት ተመዝግበው ተገኝተዋል።

መስኩ ከየት ይመነጫል?

ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎሜትር ያህል ሲወረድ የምድር ውጫዊ እምብርት ይጀምራል። ይህ ክፍል ከ2,200 ኪሎሜትር በላይ ውፍረት ያለው የቀለጠ ብረት ነው። ብረቱ በሙቀትና በክብደት ልዩነት ይናወጣል፣ ከምድር መሽከርከር ጋርም ይጠማዘዛል፤ ከዚህ እንቅስቃሴ የኤሌክትሪክ ጅረት፣ ከጅረቱም መግነጢሳዊ መስክ ይወለዳል። በእምብርቱ ጫፍ ላይ የፍሰቱ ፍጥነት በዓመት በአሥር ኪሎሜትሮች የሚቆጠር ነው።

እዚያ ድረስ የወረደ መሣሪያ የለም። ፍሰቱ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። ከዳር የቆመ ሰው የዓባይን ፍጥነት ውሃው ተሸክሞት ከሚሄደው ቅጠል እንደሚገምት፣ ተመራማሪም የቀለጠው ብረት ይዞት የሚሄደውን መግነጢሳዊ መስክ እየተከታተለ ብረቱ ወዴት እንደሚፈስ ያሰላል። ለዚህ የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም። በየዓመቱ፣ ለአሥርት ዓመታት፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ የተጻፈ መዝገብ ያስፈልጋል።

በጎጃም ያለፉት የመጀመሪያ ለኪዎች

አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በብራዚል የኮምፓስ መርፌ በቀን ውስጥ እንዴት እንደሚወዛወዝ ሲከታተል የቆየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ ገብቶ፣ እስከ 1848 ድረስ ከጎንደር እስከ እናርያ እየተዘዋወረ ተራራውን ከተራራ በማዕዘን እያገናኘ የአገሪቱን ካርታ ለካ። አርኖ ደግሞ ዳሞትንና ጎጃምን ይገዙ በነበሩት በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘንድ ተቀምጦ የባለሟልነት ወግ አገኘ። አንቷን በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸውን የምድር ፊዚክስ ምልከታዎች እ.ኤ.አ. በ1873 በአንድ መጽሐፍ አሳተመ። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ።

መንገደኛ ግን ለክቶ ያልፋል። መስኩ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማወቅ ሳይነቃነቅ የሚቆም ጣቢያ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ጣቢያ እስኪመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

የአራት ኪሎው ጣቢያ

እ.ኤ.አ. 1957 እና 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ ብዙ አገሮች ምድርን በአንድ ጊዜ ለመለካት ተስማሙ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የማግኔት መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል ተጋድሞ የሚቆምበት መስመር፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። ስለዚህ ከተማዋ ለሳይንስ የተለየች ቦታ ነበረች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ አባ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያውን በአራት ኪሎ አቋቋሙ፤ የመግነጢስ ምዝገባውም በ1958 ተጀመረ።

የዚያን ዘመን አሠራር ትዕግሥት ይጠይቃል። በጨለማ ክፍል በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ማግኔት ትንሽ መስታወት ይሸከማል። መስታወቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ተንጸባርቆ፣ በሰዓት ኃይል በሚዞር የፎቶ ወረቀት ላይ መስመር ይጽፋል። ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል፣ ይታጠባል፣ ይነበባል። የአዲስ አበባ መስክ ጥንካሬ 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን፣ የሚፈለገው ለውጥ ግን የዚያ ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው።

ከእነዚህ መስመሮች አዲስ ግኝት ወጣ። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ እኩለ ቀን ሲደርስ መሬት ላይ ያለውን መስክ ከፍ ያደርገዋል። አባ ጉዋን ግን በአንዳንድ ቀናት መስኩ ከሌሊቱ መጠን በታች ሲወርድ አዩ። ጅረቱ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይፈስ ነበር። ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳወቁ፤ በ1967 ከፈረንሳዊው ሊቅ ከፒየር ኖኤል ማዮ ጋር ሆነው ተቃራኒ ጅረት ሊኖር እንደሚችል በጽሑፍ አብራሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠናው ይህ ክስተት ወደ ሳይንስ የገባው በአዲስ አበባ ወረቀት ነው።

አባ ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጽፈው በ1979 አሳትመዋል። ጣቢያውን ከእሳቸው በኋላ እንደ ፕሮፌሰር ላእከማርያም አስፋው እና ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ ኢትዮጵያውያን መርተውታል። ምዝገባውም «ኢንተርማግኔት» ከተባለው የዓለም ጣቢያዎች መረብ ጋር ተቀላቅሏል።

መዝገቡ ሥዕል ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1995 ጋሪ ግላትዝማየር እና ፖል ሮበርትስ የእምብርቱን ሥራ በኮምፒውተር አስመስለው፣ መስኩ በራሱ ሲገለበጥ አሳዩ። የመስኩ መስመሮች እንደ ክር ኳስ ተጠላልፈው የታዩበት ሥዕል በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በ2013 «ስዋርም» የተባሉ ሦስት የአውሮፓ ሳተላይቶች ወደ ሰማይ ተላኩ። ከዚያ ወዲህ የምልከታ መረጃን ወደሚታይ ነገር የሚለውጡ ነጻ ሶፍትዌሮች በዝተዋል። በፈረንሳይ ግሮኖብል የተሠራው «ዌብጂኦዲን» በእምብርቱ ጫፍ ላይ ያለውን ፍሰት በካርታና በሉል ላይ ያሳያል፤ ሞዴሉንም ከምልከታ መረጃ ጋር ያነጻጽራል። «ማግፓይኤስቪ» የጣቢያዎችን መረጃ ያጠራል። «ካኦስማግፓይ» የመስኩን ሞዴል በሚፈለገው ቦታና ሞዴሉ በሚሸፍነው ቀን ያሰላል። ሦስቱም የተጻፉት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በስክሪን ላይ የሚሽከረከረው ባለቀለም ሉል ፎቶግራፍ አይደለም። አንድን የመስክ ለውጥ ብዙ ዓይነት ፍሰት ሊያስረዳው ስለሚችል፣ ተመራማሪው ምክንያታዊ ግምት ጨምሮ ይመርጣል። ከሰማይ ጅረት የመጣው ለውጥ ከእምብርቱ ለውጥ ካልተለየም ሥዕሉ ያሳስታል። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ የሚፈሰው ብርቱ ጅረት ደግሞ በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋል። ስለዚህ አባ ጉዋን ያነበቡት የቀን ውጣ ውረድ እምብርቱን ለሚያጠና ሁሉ ሊታለፍ የማይችል ነው።

የእምብርቱንና የሰማይ ጅረቶችን ጥናት በሥራቸው ያገናኙ ሴት ሳይንቲስት አሉ። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዋ ካቲ ዌለር እ.ኤ.አ. በ1980 እምብርቱ እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ ይናወጥ እንደሆነ በመጠየቅ ታዋቂ ጥናት አሳተሙ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከሶፊ ሃውቶት እና እንደ መሐመድኑር ደሲሳ ካሉ ኢትዮጵያውያን ጋር የጣናን አካባቢ አጠኑ። ዘዴው የሰማይ ጅረቶች የሚፈጥሩት ለውጥ ወደ መሬት ሲሰርጽ መለካት ነው። በ2006 በወጣው ውጤት ከባዛልቱ በታች ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጥንታዊ ደለል ድንጋይ መኖሩ ታየ።

ለምዕራብ ጎጃም የቀረበ ጥሪ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ባይሌ ዳምጤ አነሳሽነት ዋሸራ የተባለ የኅዋና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አቋቁሟል። ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው የመሩት «አምበር» የተባለ የአፍሪካ የመግነጢስ መለኪያ መረብ አዲግራት ላይ ጣቢያ ተክሏል። የአዲግራትና የአዲስ አበባ ልኬት ልዩነት የሰማዩን ጅረት ጥንካሬ ይናገራል። ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ጢስ ዓባይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲታይ በሁለቱ መካከል ናቸው። ከባቡር፣ ከመኪናና ከፋብሪካ ሁከት የራቀ የገጠር መሬትም አላቸው፤ ለስሱ መለኪያ እንዲህ ያለ ጸጥታ ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል። የአዲስ አበባ ጣቢያ መረጃም ለምርምር ክፍት ነው። የጎደለው አንብቦ የሚጠይቅ ተማሪና መዝገቡን የሚጠብቅ ተቋም ነው። የአሮጌዎቹ የፎቶ ወረቀቶች እያንዳንዱ ገጽ በዲጂታል ይቀዳ፤ ያለፈ ቀን ዳግም አይለካምና። የፊዚክስ መምህራን በየትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ከፍተው የአገራቸውን ጣቢያ መስመር ለልጆቹ ያሳዩ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በምዕራብ ጎጃም አንድ ቋሚ ጣቢያ ይትከሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ የሚያገኘው ሳይቋረጥ ሲረዝም ነውና፣ ሥራው ዛሬ ቢጀመር የሚጠቅመው የነገዎቹን ተመራማሪዎች ነው።