ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ከጎባ ተነስታችሁ ሰነቴን አቋርጣችሁ፣ የሐረናን ጫካ ቁልቁል ወርዳችሁ ደሎ መና ስትገቡ ሞባይል ቤት አታጡም። እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ የሞባይል ቤት ሥራ ጥገና ብቻ አይደለም፤ አፕ መጫንም ነው። ልጁ ከራሱ ስልክ በሼርኢት ወይም በዜንደር ያሻግርልናል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የጉግል ሱቅ ደጃፍ መርገጥም አያስፈልግም። ፈረንጆቹ «ይፈቀድ? አይፈቀድ?» እያሉ ዓመታት የተከራከሩበትን ነገር እኛ ኖረንበታል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው አይፎን ከኤቲ ኤንድ ቲ ሌላ ሲም አይቀበልም ነበር። ዘመድ የላከልን አይፎን የቴሌን ሲም እንዲቀበል የግድ «መከፈት» ነበረበት፤ የሚከፈተው ደግሞ አፕል ባልፈቀደው ሶፍትዌር ነው። አፕል የስልኩ ደኅንነት ይጎዳል ብሎ ተሟገተ። በ2010 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቅጂ መብት ሕጉን በሚመለከት በሰጠው ውሳኔ፣ ባለቤቱ የራሱን ስልክ ቢከፍት ጥፋት የለበትም አለ።

የቁልፉ ጣጣ ፊደላችንም ላይ ደርሷል። አፕል ሌሎች የሠሩት ኪቦርድ አይፎን ላይ እንዲጫን የፈቀደው በ2014 ነው። እስከዚያ አማርኛ መጻፍ የፈለገ በአንድ አፕ ጽፎ፣ ኮፒ አድርጎ ወደ ሌላው ይለጥፍ ነበር። በላቲን ለሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ይህ ጣጣ አልነበረም። አንድሮይድ የያዘውም የፈለገውን ኪቦርድ ይጭን ነበር። አንድ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ በሀሁ መጻፍ መቻል አለመቻላችንን ይወስን ነበር ማለት ነው!

በየካቲት 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተዘግተው ከአምስት ወር በላይ ቆዩ። ያኔ ቪፒኤን ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። መንገዱ በሱቁ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን እንቀር ነበር?

ታዲያ ዘቦቹ የሚሉት ሁሉ ውሸት ነው? አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረውን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ ያሉ ተቃዋሚዎች ከ2016 ጀምሮ ሐሰተኛ የአዶቢ ፍላሽ ማደሻ በኢሜይል ይላክላቸው እንደነበር ገልጿል። ማደሻው ኮምፒውተራቸው ላይ ሰላይ የሚጭን ነበር። ከማይታወቅ እጅ የተቀበሉት ሶፍትዌር ቤት ያፈርሳል።

በነሐሴ 2025 ደግሞ ጉግል፣ ማንነቱን ያላስመዘገበ ሰው የሠራው አፕ አንድሮይድ ላይ እንዳይጫን ሊያደርግ ማሰቡን አስታወቀ፤ ከ2026 ጀምሮ በአራት አገሮች፣ ከዚያ በሌላውም ዓለም። ተቃውሞው ሲበረታ ግን አደጋውን አውቀው ለሚጭኑ ሰዎች መንገድ እንደሚተው ተናገረ።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ቤቱን ለባለቤቱ ሸጦ ቁልፉን ኪስ ውስጥ ማስቀረት ጥበቃ አይባልም። ስልኩ ያስጠንቅቀን፣ ደግሞ ይጠይቀን፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን ገንዘቡን የከፈለው ሰው ይሁን። ሞባይል ቤቱም ሥራው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ይጨምርበት፦ «ይሄ ፋይል ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅን።