ማስጠንቀቂያው ለማን ነበር?
የኢሜይል ምስጢር ጥበቃ የተሰበረበት መንገድ

የደብዳቤ ማኅተም ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ደብዳቤው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መከልከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ተነክቶ እንደሆነ ለተቀባዩ ማስታወቅ ነው። የቀድሞ ሰዎች እነዚህን ሁለት ተግባሮች ለይተው ማየት አላስፈለጋቸውም፤ ሰሙ ሳይሰበር ወረቀቱ አይገለጥምና። በኮምፒዩተር ዘመን ግን ቃሉን መሸፈን አንድ ሥራ፣ ቃሉ አለመለወጡን ማረጋገጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 «ኢፌይል» በሚል ስም የታወቀው የኢሜይል ምስጢር ጥበቃ ጉድለት የተወለደው ከዚህ መለያየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

በ1991 ፊል ዚመርማን የተባሉ አሜሪካዊ የፕሮግራም ሊቅ ፒጂፒ የተሰኘውን የምስጢር መጻፊያ ፕሮግራም ለሕዝብ በነጻ አበረከቱ። በዚያን ጊዜ ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ በአሜሪካ ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ ተቆጥሮ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መላኩ የተከለከለ ስለነበር፣ በዚመርማን ላይ ለዓመታት የወንጀል ምርመራ ሲካሄድ ቆይቶ በ1996 መጀመሪያ ላይ ያለ ክስ ተዘጋ። ፕሮግራሙ ግን ዓለምን ዞረ። በ1997 መጨረሻ ጀርመናዊው ቬርነር ኮክ ማንም ሰው ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችለውን ግኑፒጂን አወጡ። በኩባንያዎችና በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ደግሞ ኤስማይም የተባለው ሌላ ሥርዓት ተስፋፋ። ጋዜጠኞች፣ ጠበቆችና የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ምስጢራቸውን ለእነዚህ መሣሪያዎች አደራ ሰጡ። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ከጋዜጠኛዋ ሎራ ፖይትራስ ጋር የተጻጻፉትም በፒጂፒ ዘዴ ነበር።

አደጋው ግን ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። በ2000 ጆናታን ካትዝና ብሩስ ሽናየር ባቀረቡት ጥናት፣ የተመሰጠረውን ደብዳቤ ሳይፈቱ በመነካካት፣ ተቀባዩም ፈትቶ ያገኘውን የማይነበብ ጽሑፍ መልሶ እንዲልክ በማድረግ ምስጢሩን ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ደብዳቤው ተሸፍኗል፤ አልታተመም ማለት ነው። በፒጂፒ ወገን ያሉት ባለሙያዎች ደብዳቤው መለወጡን የሚያጋልጥ ምልክት ጨመሩ፤ ምልክቱም በ2007 በጸደቀው የደረጃ ሰነድ ውስጥ ተካተተ። ሰነዱ የምልክቱ መጥፋትም ሆነ መሰበር እንደ ደኅንነት ችግር እንዲቆጠር አዘዘ፤ የተፈታው ጽሑፍ በምንም ምክንያት ለአንባቢ አይሰጥ ብሎ ግን አልቆረጠም። በኤስማይም ወገን ደግሞ በተለምዶ ይሠራበት የነበረው ምስጠራ እንዲህ ያለ ማኅተም ጨርሶ አልነበረውም።

ለመሆኑ ይህን ማኅተም የሚመረምረው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የኢሜይል ፕሮግራም ምስጠራውን ራሱ አይሠራም። ሌሎች ያዘጋጁትንና ላይብረሪ የሚባለውን የፕሮግራም ስብስብ፣ ወይም እንደ ግኑፒጂ ያለ ራሱን የቻለ መሣሪያ ጠርቶ ያሠራል። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ኤኒግሜል የሚባል ተጨማሪ ክፍል ይጠራ ነበር፤ ኤኒግሜልም በተራው ግኑፒጂን ይጠራል። አንድ ደብዳቤ እስኪነበብ ድረስ በሦስት እጅ ያልፋል ማለት ነው። ግኑፒጂ ማኅተሙ የተሰበረ ደብዳቤ ሲያጋጥመው ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል። ይሁን እንጂ የሚሠራው እየፈታ እያስተላለፈ በመሆኑ፣ ማኅተሙ የሚገኝበት የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጽሑፉ አስቀድሞ ከእጁ ወጥቷል። ማኅተሙ ጨርሶ የተወገደ እንደሆነና ምስጠራው ከቀድሞዎቹ ዘዴዎች በአንዱ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፍ ነበር።

በጀርመን ከሚንስተርና ከቦኹም፣ በቤልጂግም ከሉቨን የተውጣጡ ተመራማሪዎች በግንቦት ወር 2018 ያሳዩት ይህ ክፍተት ወዴት እንደሚያደርስ ነው። አጥቂው በመጀመሪያ የተመሰጠረውን ደብዳቤ ከመስመር ጠልፎ፣ ወይም ከዓመታት በፊት ከተከማቸ መዝገብ ሰርቆ ይይዛል። ቀጥሎም ምስጢሩ ከሩቅ አድራሻ የሚመጣ የአንድ ሥዕል ስም አካል እንዲሆን ደብዳቤውን ያዘጋጅና ለባለቤቱ መልሶ ይልከዋል። የባለቤቱ ፕሮግራም በባለቤቱ ቁልፍ ደብዳቤውን ይፈታል፤ ሥዕሉን ለማምጣት ሲሞክርም ምስጢሩን ራሱ ለአጥቂው ኮምፒዩተር ያደርሳል። ለዚህ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው የተመሰጠረውን ክፍል በሁለት ግልጽ ክፍሎች መካከል ማስገባት ሲሆን፣ አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች ሦስቱን እንደ አንድ ገጽ አያይዘው ያነቧቸው ነበር። ሁለተኛው የተመሰጠረውን ቃል ራሱን መለወጥ ነው፤ የደብዳቤዎች መጀመሪያ በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ማኅተም የሌለውን ምስጠራ ቁልፉ ሳይታወቅ እንደተፈለገ ማጣመም ይቻላል። ከተፈተኑት 35 የኤስማይም ፕሮግራሞች 23ቱ፣ ከ28 የፒጂፒ ፕሮግራሞች 10ሩ ለጥቃቱ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ጥናቱ ሊወጣ የታሰበው ግንቦት 15 ቀን ነበር፤ ወሬው አስቀድሞ በመውጣቱ ግን ግንቦት 14 ቀን ታተመ። በአሜሪካ የሚገኘው የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደብዳቤ በራሳቸው የሚፈቱ የፒጂፒ ተጨማሪ ክፍሎችን ሰዎች ለጊዜው እንዲያጠፉ መከረ። ይህ ምክር ብርቱ ክርክር አስነሣ። የግኑፒጂ ወገን ማስጠንቀቂያው መሰጠቱን፣ ችላ ያሉት የኢሜይል ፕሮግራሞቹ መሆናቸውን ገለጸ። በሌላ በኩል፣ አደገኛ ጽሑፍ አሳልፎ እየሰጡ «ተጠንቀቅ» ማለት ምን ጥበቃ ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሁለቱም ወገኖች የየድርሻቸው እውነት ነበራቸው፤ በመካከል የተጎዳው ግን ማስጠንቀቂያውን አይቶት የማያውቀው ደብዳቤ ጸሐፊ ነው።

ግኑፒጂ ከመጀመሪያው እምቢ ያላለው በስንፍና አልነበረም። ማኅተም ከመጨመሩ በፊት የተጻፉ ደብዳቤዎች በሰዎች መዝገብ ውስጥ ነበሩ፤ አጥብቆ መከልከል የገዛ ደብዳቤን ማጣት ይሆን ነበር። በሰኔ ወር 2018 የወጣው የግኑፒጂ 2.2.8 እትም ግን ወሰነ፤ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ መፍታት ከዚያ ወዲህ እንደ ስሕተት የሚያስቆም ሆነ፤ አሮጌ ደብዳቤ መክፈት የሚፈልግም ፈቃዱን በግልጽ ትእዛዝ እንዲሰጥ ተደረገ። ይኸው እትም ሲግስፑፍ የተባለ ሌላ ጉድለትም ዘጋ። ይህ ሁለተኛው ጉድለት በደብዳቤው ውስጥ በሚገኝ የፋይል ስም አማካይነት ሐሰተኛ የ«ፊርማው ትክክል ነው» መልእክት ለኢሜይል ፕሮግራሙ ለማስተላለፍ የሚያስችል ነበር። ያም ቢሆን የተፈጠረው በዚያው በሁለቱ ፕሮግራሞች መነጋገሪያ ላይ ነው።

በ2020 ተንደርበርድ ኤኒግሜልን ትቶ አርኤንፒ የተባለ ላይብረሪ በውስጡ አስገባ። ሰንሰለቱ አጠረ፤ ችግሩ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በ2021 እንደተገለጸው፣ ከ78.8.1 እስከ 78.10.1 ባሉት እትሞች ከውጭ የገቡ የምስጢር ቁልፎች በዋናው የይለፍ ቃል ሳይጠበቁ፣ ሳይመሰጠሩም በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ጉድለቱ በ78.10.2 እትም ተስተካከለ። የደረጃ ሰነዶቹም ተሻሻሉ፤ ሽፋንንና ማኅተምን አንድ የሚያደርገው ምስጠራ በ2019 በኤስማይም፣ በ2024 ደግሞ በኦፕንፒጂፒ ውስጥ ቦታ አገኘ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። በዚህ ታሪክ ቅጠሉን የያዙ ሰዎች በ2000 ተነሥተው ነበር፤ ጢሱም ታይቷል። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው፣ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ሥራውን የማቆም ግዴታ የማን እንደሆነ የሚወስን ስምምነት ነው። መሣሪያ ሠሪው ለሚቀጥለው ባለሙያ አስታውቄአለሁ ብሎ ሲያርፍ፣ ተቀባዩም መሣሪያው ይጠብቀኛል ብሎ ሲያርፍ፣ በመካከላቸው ያለው ድንበር ጠባቂ አይኖረውም። ስለሆነም ሥራውን ለሌላ የሚያስረክብ ባለሙያ ሁሉ፣ ማስጠንቀቂያው ማንም ባያነበው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።