«ለኛስ ማን አለቀሰ?»

ባለፈው ሰሞን ምሳ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ክርክር ገጠምን። አንዱ «ለዩክሬን ያለቀሰ ዓለም ጋዛ ላይ ሲደርስ ለምን ቃላት ይመርጣል?» አለ። ሌላዋ «ለኛስ ማን አለቀሰ?» አለች። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ሁለት የዜና ርዕሶች አሳየን። በአንዱ ሰዎች «ተገደሉ» ይላል፣ በሌላው «ሞቱ»። ሽሮው ቀዘቀዘ፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ተነሳን።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በኛ ሥራ አንድ ፕሮግራም ለተመሳሳይ ጥያቄ የተለያየ መልስ ከሰጠ፣ የሆነ ቦታ የተደበቀ ቅድመ ሁኔታ አለ ማለት ነው። መሳደብ አይጠቅምም፤ ኮዱን ከፍተህ መስመር በመስመር ማየት ነው። ዛሬ ያለውን ጦርነት እንደዚያ ማየት ይከብዳል፣ ደሙ ገና አልደረቀም። ስለዚህ ሰነዱ ወደወጣለት አንድ የቆየ ጉዳይ ተመለስኩ፤ ወደ ጣልያን ወረራ። ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ግን የተማርነው ማይጨውን ነው እንጂ ስለ ማይጨው ዓለም ያነበበውን ጋዜጣ አይደለም። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የጀመረው ወልወል ላይ ነው። ወልወል ኦጋዴን ውስጥ የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት ቦታ ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 1934 እዚያ ሰፍሮ የነበረው የጣልያን ጦርና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተታኮሱ። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ይዛ ጄኔቭ ወደነበረው የመንግሥታት ማኅበር ሄደች። ከብዙ መጓተት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1935 ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደለም። ሚዛናዊ ይመስላል አይደል? ችግሩ፣ ጉድጓዶቹ የማን መሬት ላይ ናቸው የሚለው ጥያቄ እንዲነሳ አልተፈቀደም ነበር። ዋናውን ጥያቄ ከፋይሉ አውጥተህ የቀረውን በእኩል ዳኘሁ ማለት ይቻላል። ልክ በወሩ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ሁለተኛው መስመር የጦር መሣሪያ ማዕቀቡ ነው። በ1935 በጋ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ተፋላሚዎች መሣሪያ አንሸጥም አሉ። አሜሪካም የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ፣ ወረራው ከተጀመረ ከሁለት ቀን በኋላ በሁለቱም ላይ ሥራ ላይ አዋለችው። «ለሁለቱም» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ጣልያን አውሮፕላንም ታንክም ራሷ ታመርታለች። ኢትዮጵያ ጥይቷን እንኳ ከውጭ ነው የምትገዛው። እኩል ሕግ በወረቀት ላይ፣ በሜዳው ላይ ግን አንዱን ብቻ ትጥቅ የሚያስፈታ። ማኅበሩ ጣልያንን ወራሪ ብሎ ከፈረደ በኋላ ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ ተፈቀደ፣ ግን ዝግጅት የሚያስፈልገው ጊዜ አልፎ ነበር። በጣልያን ላይ ኖቬምበር 18 የተጀመረው የንግድ ማዕቀብ ደግሞ አንድ ነገር ረስቶ ነበር፦ ነዳጅን። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደርና ቦምብ የጫኑት መርከቦች የማለፊያ ክፍያቸውን እየከፈሉ አለፉ።

አሁን ወደ ጋዜጣው እንምጣ። ጦርነቱ ሲጀመር አዲስ አበባ ከመቶ በላይ የውጭ ጋዜጠኞች ነበሩባት። ከመካከላቸው ሁለት እንግሊዝኛ ጸሐፊዎችን ላንሳ። ኢቭሊን ዎ የመጣው ለጣልያን ለሚያደላው ዴይሊ ሜይል ሲሆን፣ በኋላ ያሳተመው መጽሐፍም ወረራውን ሥልጣኔ እንደማምጣት የሚያይ ነው። ጆርጅ ስቲር ደግሞ የታይምስ ዘጋቢ ነበር፤ ስለ ወረራው የጻፈው መጽሐፍ እስካሁን ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ከተማው አንድ፣ ጦርነቱ አንድ፣ ጽሑፉ ሁለት። ግን ከሁለቱ ልዩነት በላይ የጎዳን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ወደ ግንባር መሄድ ስላልተፈቀደላቸው ጋዜጠኞቹ ሰለቹ። አለቆቻቸውም ወጪው በዛባቸውና ብዙዎቹን መልሰው ጠሩ። የመርዝ ጋዙ ዝናብ የጀመረው ያኔ ነው።

ዲሴምበር 1935 መጨረሻ ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች ተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ መርዝ ጋዝ ጣሉ። ጣልያን ይህን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። ሮም መጀመሪያ ካደች። ቀጥሎ የራሷን ክስ ደረደረች፦ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ተኩሰዋል፣ የተማረከ አብራሪ አንገት ቀልተዋል፣ የቀይ መስቀልን ምልክት ያለአግባብ ተጠቅመዋል። ክሱ ሁሉ ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም። የማሳያችሁ ጥያቄው እንዴት እንደተቀየረ ነው። «አንድ መንግሥት ከሰማይ መርዝ ያዘንባል ወይ?» የሚለው ቀርቶ «ሁለቱም ወገን ሕግ ጥሷል እየተባለ ነው» ሆነ። አንባቢው ጋዜጣውን አጥፎ ቡናውን ይጠጣል።

በማርች 1936 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ዡኖ ኮረም አካባቢ ሰውነታቸው በጋዝ የተቃጠለ ሰዎችን በዓይኑ አየ። የመንግሥታት ማኅበር ማስረጃ ሲጠይቅ ግን ድርጅቱ ገለልተኝነቴን ይነካል ብሎ አልሰጥም አለ። ስለዚህ ተጎጂው «ማስረጃህ የታል?» ይባላል፣ ማስረጃው ያለው ደግሞ ገለልተኛ ስለሆነ አይናገርም። ጁን 30 ቀን 1936 ጃንሆይ ጄኔቭ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ ከጋዜጠኞች ሰገነት ያቋረጧቸው የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቺው ጎዶሎ ማዕቀብ ተነሳች።

እዚህ ላይ «ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ግን እውነት አይደለም። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል፣ ሰፊ የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ለመስጠት በምስጢር ሲስማሙ ያጋለጡት የፓሪስ ጋዜጦች ናቸው። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆርም በቀናት ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቋመች። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። አድልዎ የደም ጉዳይ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ መሆኑን የሚያሳዩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሌላው በተቀመጠበት ዓለም ተቀምጠው ሌላ መረጡ።

ስቲርን አልረሳሁትም። በ1937 ስፔን ውስጥ ነበር። ጉርኒካ ኤፕሪል 26 ስትደበደብ በዚያው ሌሊት ደረሰ፣ ዘገባው ከሁለት ቀን በኋላ ወጣ፣ ዓለም ተናወጠ፣ ፒካሶ ሳለ። የፍራንኮ ሰዎችም እንደ ሮም ክደው ነበር፣ ክህደቱ ግን ዜናውን አላቆመውም። አንዱ ምክንያት ርቀት ነው፤ ጉርኒካ ለመኪና ቅርብ ነበረች፣ ተከዜ ሩቅ። ሁለተኛው ምክንያት የሟቾቹ መልክ ነው። ከተማቸው የአውሮፓ አንባቢን ከተማ ትመስላለች።

ኮረምም ተራዋ ደረሰ፣ ግን ከ48 ዓመት በኋላ። በኦክቶበር 1984 ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ አሳየና ዓለም አለቀሰ፣ ዘፈነ፣ ገንዘብ አዋጣ። ያ እርዳታ ሕይወት አድኗል፣ አልክደውም። ግን ሁለቱን ኮረሞች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በ1936 ለሟቹ ማልቀስ ገዳዩን በስም መጥራት ነበር። በ1984 ጦርነቱና የደርግ ፖሊሲ ረሃቡን ቢያባብሱትም፣ ስክሪኑ ላይ የታየው ድርቅ ነበር። ድርቅ ኤምባሲ የለውም፣ ነዳጅ አይገዛም፣ ወዳጅ አገር አይደለም። ምሳ ላይ ያየነው «ሞቱ» እና «ተገደሉ» ያለው ልዩነትም ይኸው ነው፦ ገዳዩ ለአንባቢው ምኑ ነው?

ሒሳቡም ሳይዘጋ ቀረ። ግራዚያኒ በ1950 ጣልያን ውስጥ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ ባደረገው አይደለም። በዚያው ዓመት ተፈታ። የጣልያን መንግሥት ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት።

እንግዲህ ባጉ ያለው ውሸት ላይ ብቻ አይደለም። ሦስት ቦታ ነው፦ ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ሲጠፋ፣ እኩል ያልሆኑትን «ሁለቱም» ሲባሉ፣ ማስረጃ ከአንዱ ወገን ብቻ ሲጠየቅ። ስሞቹን ቀያይራችሁ አንብቡ፤ ፍርዳችሁ ከተቀየረ ችግሩ ዜናው ላይ ብቻ አይደለም።

ይህን ፈተና ራሴ ወድቄዋለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ እኔ የምደግፈውን ወገን የሚከስ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲመጣ «ቦታው የት ነው? ማን ቀረጸው?» እል ነበር። ሌላውን የሚከስ ሲመጣ ግን እስከ መጨረሻው ሳላይ ነበር የማጋራው። አንድ ቀን «ፌክ ነው» ብዬ የጻፍኩበት ቪዲዮ ሥር አንዲት ባልደረባዬ «የአጎቴ ሰፈር ነው» ብላ ጻፈችልኝ። አየሁት። መልስ አልሰጠኋትም።

ምሳ ላይ «ለኛስ ማን አለቀሰ?» ያለችው እሷ ናት። ያኔ ስለ ፈረንጅ የምታወራ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ላክሁላት፣ ከዚያ ቪዲዮ ጋር፣ ከአራት ዓመት በኋላ ይቅርታ ጨምሬበት። እስካሁን አልመለሰችልኝም። መብቷ ነው።