የድመትና የጎተራ ውል

«አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባላል። በእኔ ቤት ግን አይጦቹ የድመቶቼን አፍንጫ አሽተው በሰላም ወደየጉዳያቸው ሲሄዱ ከረሙ። ድመቶቼ ሁለት ነበሩ፤ ዥንጉርጉሯ ውሪትና ጥቁሩ ውሮ። ቤታችን አሮጌ የጭቃ ቤት፣ ኮርኒሱም አቡጀዴ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ አቡጀዴው ላይ ሩጫ ይጀመራል። ድመቶቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ድምፁን በጆሯቸው ይከተሉና፣ ነገሩ የጎረቤት ጠብ መሆኑን እንደተረዳ ሰው መልሰው ይጠቀለላሉ። ክረምቱ ሲጋመስ ጓዳ የቆመው የጤፍ ጆንያ ከሥሩ ተበስቶ ተገኘ። ያቃጠለን የተበላው አልነበረም፤ ከአይጥ ኩስ ጋር ተደባልቆ የተደፋው እንጂ።

አጥር የምንጋራቸው እናት ምክንያቱን ወዲያው ነገሩኝ። «ልጄ፣ የጠገበ ድመት አይጥ አይዝም፤ ወተቱን ተውባት» አሉ። ተውኩባት። ውሪት ሦስት ቀን ስትጮህ ሰንብታ ከሌማት እንጀራ መስረቅ ተማረች፤ የኮርኒሱ ሩጫ ግን አልቀነሰም።

መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር የገፋፋኝ ቂም ነው፤ ድመት አይጥ ካልያዘች፣ ሰው ይህን ሁሉ ሺህ ዘመን ምን ሊያደርጋት አኖራት?

መልሱ የሚጀምረው ከድመት ሳይሆን ከቤት ሆኖ አገኘሁት። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ እርሻ ገና ሳይታወቅ፣ በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ናቱፋውያን የሚባሉ አዳኞች በአንድ ቦታ ረግተው መቀመጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ከነዚህ ሰፈሮች አፈር የተለቀሙ የአይጥ ጥርሶች ተመርምረዋል። ሰዎቹ ረግተው በኖሩበት ዘመን ዛሬ የቤት አይጥ የምንላት ትበዛና የሜዳ ዘመዷን ትገፋለች፤ ሰዎቹ መንከራተት ሲያበዙ ደግሞ የሜዳዋ ትመለሳለች። አጥኚዎቹ ለማነጻጸር ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ወርደው፣ በማሳይ አርብቶ አደሮች መንደር ሁለት የአይጥ ዝርያዎች በተመሳሳይ መንገድ ሲገፋፉ ተመልክተዋል። እንግዲህ አይጥን ቤተኛ ያደረጋት ጎተራ እንኳ አይደለም፤ ሰው ጓዙን አውርዶ «እዚሁ ልክረም» ማለቱ ነው።

ድመት የመጣችው ኋላ፣ እህል ሲከማች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘር ምርመራ የቤት ድመቶችን ግንድ ሊቢካ ከሚባለው የዱር ድመት መዝዞታል፤ ይህ የዱር ድመት በእኛም አገር አለ። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘችው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም የተነገረላት ድመት 9,500 ዓመት ሆኗታል። በደሴቲቱ የድመት ዘር ስላልነበረ፣ ሰው በጀልባ ይዟት ካልሄደ በቀር ባሕር አትሻገርም። የግብፅን የድመት አምልኮ አንባቢ ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1890 መድኃኒት ተቀብቶ የደረቀ 19 ቶን ገደማ የድመት ሬሳ ከግብፅ ወደ ሊቨርፑል ተጭኖ ለማዳበሪያ ተሽጧል። የአምላክነት መጨረሻው ይህ ነው።

በሬን ጠምደን፣ በግን አግደን፣ ውሻን አስረን ነው ያላመድነው። ድመትን ማንም አላሰራትም። እሷ አይጥ ፍለጋ መጣች፤ እኛ ዝም አልን። ውል ካልነው፣ ይኸው ነው ውሉ።

ወደ ጎረቤቴ ክስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣ ሙከራ፣ የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳለ አይጥ የተለቀቀባቸው ድመቶች ምግቡን ትተው አይጧን ገድለው፣ ከዚያ ወደ ምግባቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ጥጋብ አደንን አይከለክልም። ይበልጥ የነካኝ ግን ኩዎ ዚንግ ያንግ የተባለው ቻይናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመው ነው። እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉት ግልገሎች አብዛኞቹ ገዳይ ሆኑ፤ ለብቻቸው ካደጉት ግማሽ የማይሞሉት፤ ከአይጥ ጋር አብረው ካደጉት ደግሞ ጥቂቶች ብቻ። ውሪትንና ውሮን ዓይናቸውን በገለጡ በሁለተኛው ሳምንት ከእናታቸው ነጥቄ፣ በካርቶን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ።

ይህን ካነበብኩ በኋላም ትዕግሥቴ አለቀ። በድምፅ ማጉያ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን!» እያለ ከሚያልፍ ሻጭ ስም ያልተጻፈበት አንድ ፓኬት ገዝቼ፣ ድመቶቹ ከማይደርሱበት ከኮርኒሱ በላይ አስቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት አይጥ እየተንገዳገደች ወጥታ ሳሎኑ መሐል ቆመች። ውሪት ዘልላ ያዘቻት። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበረች። «ጎሽ ውሪት!» ብለን አጨበጨብንላት፤ ወተቱም በዚያች ቀን ተመለሰላት።

ከሦስት ቀን በኋላ ድዷ መድማት ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሙ አፏን ገልጦ አየና ምን እንደዋጠች ሳይሆን ማንን እንደበላች ጠየቀኝ። ቫይታሚን ኬ ወጋት፤ ግን ዘግይተን ነበር።

የዚህ መርዝ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ፣ የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልረጋ ብሎ ባለቁ ከብቶች ነው። ከዚያ ጥናት የወጣው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ ወጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በልክ ሲሰጥ የሰው መድኃኒት ሆነ። እኚያው ጎረቤቴ ለልባቸው የሚውጡት ኪኒን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በስኮትላንድ የማይገድላቸው አይጦች ሲታዩ፣ እንደ ብሮዲፋኩም ያሉ፣ በጉበት ውስጥ ለወራት የሚቆዩ ብርቱዎች ተተኩ። ብልሃታቸው መዘግየታቸው ነው። አይጥ ወዲያው ብትሞት ሌሎቹ ምግቡን ይሸሹት ነበር፤ ስለዚህ ቀናት ይሰጧታል። በነዚያ ቀናት ግን ተንገዳጋጇን አይጥ ለማንሳት ሰነፍ ድመትም ትበቃለች።

ጤፉ አሁን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ነው። የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ስለምትገባ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሽንቁር ሁሉ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከኮርኒሱ በላይ አልፎ አልፎ ኮሽታ ይሰማል፤ ሩጫ ግን የለም። ውሮ ብቻውን ሶፋው ላይ ይውላል።

ጎረቤቴ ከወፍጮ ቤት አንዲት ግልገል ሊያመጡልኝ ፈልገው ነበር፤ እናቷ ከጆንያ መሐል አይጥ ስትለቅም ትውላለች ይላሉ። «እትዬ፣ እስክትጠና እናቷ ጋ ትቆይ» አልኳቸው። «አንተ ደግሞ፣ ድመት ትምህርት ቤት ልታስገባ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።