ከካምፓላ እስከ ስቶክሆልም፦ የአንድ ፈጣን ነቀርሳ ታሪክ

በአገራችን ሰው አንገቱ ወይም ብብቱ ሥር እብጠት ሲወጣበት «ንፍፊት ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። እግር ሲቆስል ወይም ጉሮሮ ሲታመም በሽታ የሚከላከሉልን የሊምፍ ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ሕመሙ ሲድን እብጠቱም ይጠፋል። ዳሩ ግን የማይጠፋ እብጠትም አለ። በዕጢዎቹ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሥርዓት አጥተው ሲራቡ ሊምፎማ ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ለዓመታት እያዘገመ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። ከፈጣኖቹም እጅግ ፈጣኑ በርኪት ሊምፎማ ነው። ሕዋሳቱ እጥፍ ለመሆን አንድ ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። ታሪኩ በእኛው አህጉር ተጀምሮ በምንኖርባት ከተማ በኩል ያለፈ በመሆኑ ለአንባቢያን ላካፍለው ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዴኒስ በርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1957 መንጋጋው ግራና ቀኝ ያበጠ ሕፃን አየ። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ሆስፒታል ሌላ እንዲህ ያለ ሕፃን ገጠመው። መዝገብ ቢያገላብጥ ብዙ ሆነው ተገኙ፤ በ1958ም ጽፎ አሳተመ። ቀጥሎ በሽታው ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ፈለገ። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ250 ፓውንድ በተገዛ አሮጌ ፎርድ መኪና ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ነድቶ ተመለሰ። በአሥር ሳምንት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው! በየሆስፒታሉ እየቆመ፣ የታመሙ ሕፃናትን ፎቶግራፍ እያሳየ፣ ይህን የመሰለ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር።

ያገኘው ነገር ደጋና ቆላ ለይተን ላደግነው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሽታው በሞቃትና ዝናባማ ቆላ ይበዛል፣ ደጋ ላይ ይጠፋል። አባቶቻችን ንዳድ ፈርተው ቆላ ማደር ይሸሹ ነበር። የበርኪት ካርታም ከወባ ካርታ ጋር ተገጣጠመ። ሆኖም ወባ ብቻውን በቂ ምክንያት አልነበረም። በ1961 በርኪት ለንደን ላይ ያደረገውን ንግግር ያዳመጠው አንቶኒ ኤፕስታይን ከካምፓላ በአውሮፕላን ናሙና ያስመጣ ጀመር። በ1964 ከአቾንግና ከባር ጋር ሆኖ በሕዋሳቱ ውስጥ አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይህን ቫይረስ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ያለ ጉዳት ተሸክሞት ይኖራል። ከተደጋጋሚ ወባ ጋር በሕፃን ሰውነት ሲገናኝ ነው አደጋው የሚከፋው።

ስቶክሆልም እዚህ ላይ ትገባለች። ጆርጅ ክላይንና ባለቤቱ ኤቫ ከናዚ ግድያ የተረፉ የሀንጋሪ አይሁዶች ነበሩ፤ በ1947 ወደዚህች ከተማ መጡ። በ1960ዎቹ ከናይሮቢ ኬንያታ ሆስፒታል የሚላክላቸውን ናሙና በካሮሊንስካ ይመረምሩ ነበር። በ1972 ደግሞ ሉንድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ማኖሎቭ የተባሉ ቡልጋሪያውያን ባልና ሚስት፣ በበሽታው ሕዋሳት ውስጥ 14ኛው ክሮሞሶም ትርፍ ቁራጭ እንዳለበት አዩ። በ1976 ሎሬ ዜክ ከክላይንና ከሌሎች ጋር ቁራጩ ከ8ኛው ክሮሞሶም የመጣ መሆኑን አሳየች። በ1982 እንደታወቀው ቦታውን የለቀቀው ሕዋስን «ተባዛ» ብሎ የሚያዝ ክፍል ነው። ነዳጅ መስጫው ተጣብቆ የቀረ መኪና ማለት ይህ ነው።

ደግነቱ ይኸው ፍጥነት ደካማ ጎኑም ነው። ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች የሚመቱት በመባዛት ላይ ያለ ሕዋስን ነው። በርኪት ራሱ በጥቂት መድኃኒት የዳኑ ሕፃናት አይቷል። ዛሬ በሀብታም አገሮች ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። ናሙናቸው ሳይንስን ባስተማረባት አፍሪካ ግን የሚድኑት እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ዘግይቶ መምጣትና የመድኃኒት እጦት ይገድላቸዋል። የመድኃኒቱ እጦት ከእኛ አቅም በላይ ይሆናል። ዘግይቶ መምጣት ግን እዚህ ስዊድንም ተከትሎናል።

ነቀርሳ የሚለው ቃላችን የሳንባውንም በሽታ ካንሰሩንም ያጠቃልላል፤ ሁለቱንም ከማፈር የተነሣ እንደብቃለን። የአንዳንድ ወገናችንን ሕመም የምንሰማው በለቅሶው ዕለት ነው። አንገት ላይ የወጣ እብጠት ንፍፊትም፣ የዕጢ ቲቢም፣ ሊምፎማም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ሐኪም ነው፤ ሊምፎማ መሆኑ የሚረጋገጠውም ከዕጢው ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እንግዲህ እብጠቱ በጥቂት ሳምንታት ካልጠፋ ወይም እያደገ ከሄደ፣ ባያምም እንኳ ቮርድሴንትራል እንሂድ። ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ሲጨመርበትማ አንድ ቀንም አናሳድር። ቋንቋ ቢቸግር አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ ልጆቻችንን አናስተርጉም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።