የሱዳን ጠረፍና ካሣ የተባሉ መሪዎች

በታሪክ ትምህርት ተማሪን ከሚያደናግሩ ስሞች አንዱ «ደጃዝማች ካሣ» ነው ብንል አላጋነንንም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት መሳፍንት ተከታትለው ለንጉሠ ነገሥትነት በቅተዋል፤ የቋራው ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የትግራዩ ካሣ ምርጫ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለዋል። በፈተና ወረቀት ላይ የአንዱ ሥራ ለሌላው ሲሰጥ በየጊዜው እናያለን። የሁለቱም ታሪክ ከገዳሪፍ እስከ መተማ ካለው ቆላ ጋር መያያዙ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል።

የቋራው ካሣ በ1840 ዓ.ም. ሱዳንን ይገዛ ከነበረው የግብፅ ጦር ጋር ደባርቂ ላይ ተዋጉ። (ይህ ሥፍራ በሱዳን ቆላ የሚገኝ ሲሆን፣ በሰሜን ጎንደር ካለችው ከደባርቅ ጋር መምታታት የለበትም።) ጠላት ምሽግ ሠርቶ፣ መድፍ ደግኖ፣ በሥርዓት እየተኮሰ ጠበቃቸው። የካሣ ሠራዊት በጀግንነት ቢገፋም ተሸነፈ። ካሣ በአገር ውስጥ ጦርነት ብዙ ጊዜ ድል ያደረጉ ሰው እንደ መሆናቸው ይህ ሽንፈት በልባቸው ቀረ። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ስለ መድፍና ስለ ሠለጠነ ወታደር አብዝተው ማሰባቸው፣ በጋፋትም የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል ማሠራታቸው ከደባርቂ ትምህርት የመጣ ነው ብለን እናምናለን።

ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ አልጠቀማቸውም። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደዚያ ሲዘምት በትግራይ በኩል ያለ ችግር እንዲያልፍ የፈቀዱት ካሣ ምርጫ ነበሩ። ጦሩ ሲመለስ ለዚሁ ውለታ 12 መድፎችና 850 ያህል ጠመንጃ ሰጣቸው። እንግዲህ የአንደኛው ካሣ ውድቀት ሁለተኛውን ካሣ አስታጠቀ ማለት ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው የሚቆጥር ተማሪ ይህን አያይም። ካሣ ምርጫ በዚሁ መሣሪያ በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አድርገው በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ።

ዐፄ ዮሐንስን ወደ ጠረፉ የሳባቸው የ1876ቱ የአድዋ ውል ነው። በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች፣ የገላባቶቹም ጭምር፣ በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ በውሉ ተስማሙ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ትርፉ ግን የመሐዲስቶች ጠላትነት ሆነ። በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የንጉሡ ሠራዊት የድርቡሹን አጥር ጥሶ ድል በተቃረበበት ሰዓት ዐፄ ዮሐንስ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። ንጉሡ በማግሥቱ አረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። የውጭ መጻሕፍት ይህን ውጊያ በገላባት ስም ይጠሩታል። በሱዳን በዓባይ ዳር፣ በሸንዲ ትይዩ፣ ሌላ መተማ አለ፤ በ1877 ዓ.ም. ጎርዶንን ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር የደረሰው እዚያኛው ዘንድ ነው።

ታዲያ የአባትን ስም መጨመር ይበቃ ይሆን? ለሁለቱ ነገሥታት ይበቃል፤ ነገር ግን የላስታው የደጃዝማች ኃይሉ ልጅ ልዑል ራስ ካሣም ካሣ ኃይሉ ናቸው። ሦስት ልጆቻቸውን ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ገደሉባቸው። እሳቸው ከስደት ተመልሰው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በ1933 ዓ.ም. አገራቸው የገቡት ከመተማ በስተደቡብ ባለው በኦሜድላ በኩል፣ በዚያው በሱዳን ጠረፍ ነው። ስለዚህ «ካሣ ኃይሉ በሱዳን ጠረፍ ምን ገጠማቸው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ዓመቱን ካልጨመረበት፣ ሽንፈት ብሎ ለጻፈውም፣ ወደ አገር መመለስ ብሎ ለጻፈውም ሙሉ ማርክ መስጠት ግድ ይሆንበታል።